የተቀመጥኩበት ድንጋይ

ስነሳ ዞር ብዬ ድንጋዩን ለምን አላየሁትም? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁ አላውቅም። አንገት ማዞር ብቻ ነበር። እኔ ግን ራሴን የምሸፍንበትን ጠርሓዬን ትከሻዬ ላይ ሳብ አድርጌ፣ ቦርሳዬን ከኋላዬ አስጠግቼ፣ ውኃ ምድጃ ላይ ጥዳ እንደረሳች ሴት እየተጣደፍኩ ወጣሁ። ድንጋዩ እዚያው ሰሜን ሱዳን ቀረ። እኔ ገዳሪፍ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መሐላችን ገብቶ ሄዶ ማየትም የማይታሰብ ሆነ።

ነገሩን ከትምህርት ቤቱ ልጀምር።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። መተማ ቆላ ውስጥ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ገላባትን ተሻግሬ ሱዳን ስገባ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። አማርኛውን ገዳሪፍ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከሕፃናት ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ለመድሁ። ዐረብኛውን ደግሞ አግብቼ ከፈታሁ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሴቶች በሚሰጠው ትምህርት ቤት ተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን እንደ ዋዛ አያልፍም። እኔ አንድ ነገር ሳነብ ትክክል መሆኑን ሌላ ቦታ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጡት ሐጃ ነበሩ። ሐጃ የተወለዱት ጎንደር ነው፤ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የምኖረው ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ፣ የምሠራው ሱቃቸው በረንዳ ላይ ነው፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ በስፌት መኪና እዘመዝማለሁ፣ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት ስመዘገብ አብረውኝ መጥተው ተመዘገቡ። መዝጋቢዋ ዕድሜያቸውን አይታ ፈገግ ስትል፣ "ቁርአኑን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ በዓይኔ ሳላየው ልሙት?" አሏት።

በዚያን ጊዜ ደሜ አልቆም ካለኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በልማድ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ደጅ ቆማ ትጸልያለች። ለሌላዋ ሴት በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። የእኔ ግን የሚያልቅ አልሆነም። ይጠፋል፤ ነጻሁ ብዬ ነጭ ቀሚሴን አጥቤ ሳሰጣ ይመለሳል። ቀስ በቀስ ነጭ መልበስ ተውኩ። ለራሴ የምሰፋው ሁሉ ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ሆነ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ኒም ዛፍ ሥር እቆማለሁ፤ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያው ይደርሰኛል፤ ሰው ቆርቦ ሲወጣ ቀድሜ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቀኖና ተሰጥቷት ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ትሕትና ነው አለ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ "እንደሷ ብትሆኚ ምን ነበረበት? ለመታየት ብላ ፊት አትሻማም" ሲሏት ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለምን ሐኪም ቤት አልሄድሽም ለሚለኝ፣ እናቴ እንዲህ ጀምሯት ነው የሞተችው። እኔ ውኃ የምቀዳላት ልጅ ነበርሁ። ስሙ ካልተነገረ የመጣብኝ ነገር ያው እሱ እንዳልሆነ አድርጌ መኖር እችል ነበር። የምችል መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የታሪክ መምህራችን፣ ኡስታዛ፣ ስለ ሰሜን ሱዳን ነገሥታት ስታስተምር፣ እነዚያ ነገሥታት ክርስቲያኖች እንደነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም እንደነበራቸው ተናገረች። እጄን አወጣሁ። እጅ የማወጣ ተማሪ አልነበርሁም።

"እዚሁ ሱዳን ውስጥ?"

"እዚሁ። ጎንደራችሁ ከተማ ሳይሆን በፊት።"

ክፍሉ ሳቀ። ሐጃ፣ "ጎንደርን እንዳትነኪብን" አሏት፤ ኡስታዛም ሳቀችና አንድ ገዳም አፈሩ ተጠርጎ፣ መሠረቱ ወጥቶ፣ ሰው እንደሚጎበኘው ነገረችን። ግድግዳው አብዛኛው ፈርሷል፤ ቦታ ቦታ ከጉልበት አይበልጥም አለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ከጉልበት አይበልጥም። ግድግዳው እንዲህ ዝቅ ካለ ውጭ ቆሜ ውስጡን ማየት እችላለሁ። ሳልገባ፣ ሥርዓት ሳላፈርስ፣ ቅኔ ማህሌቱን፣ ቅድስቱን፣ መቅደሱን። እዚህ ገዳሪፍ ያለው ግድግዳ ሙሉ ነው፤ በሩም ሰው አለበት። ኡስታዛ በክረምቱ ዕረፍት ሪህላ እናድርግ፣ እዚያ ሄደን እንጎብኝ ስትል መጀመሪያ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐጃ ከገዳም ምን ይፈልጋሉ ሲባሉ፣ "አውቶቡስ" አሉ። አውቶቡስ ላይ መብላት ይወዳሉ።

መንገዱ ረጅም ነበር። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ተምር ይቀባበላሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ እግሬን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የምወርደው እኔ፣ መጨረሻ የምሳፈረው እኔ።

ቦታው ከአባይ ራቅ ያለ ደረቅ ሸለቆ ነው። ጥቂት ግራር፣ ብዙ ድንጋይ፣ የሽቦ አጥር። ጠባቂው ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትንሽ ሬዲዮ ይሰማሉ። ሐጃና ሌሎቹ ሴቶች ቁርስ እስኪበሉ ኡስታዛ ከሹፌሩ ጋር ስለ መመለሻው ትነጋገራለች። እኔ አልጠበቅኋቸውም። ቀድሜ ገባሁ።

ፍርስራሹ ብዙ ነው፤ ክፍሎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ የውኃ ጉድጓድ። ወደ ዳር ግን በተቃጠለ ጡብ የተሠራ ክብ መሠረት አየሁና ልቤ ቀጥ አለች። የእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። መተማ ክብ ነው፣ ቋራ ክብ ነው፣ እናቴ የተቀበረችበት ክብ ነው። ሌላ ዓይነት መኖሩን ሰምቼ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን የሚያውቀው ክቡን ነው። አነስ ይላል አልኩ፤ መነኮሳቱ ጥቂት ኖረው ይሆናል። ጫማዬን አወለቅሁ። ራቅ ብዬ ቆምሁና እስከ መሬት ሰገድሁ። ከዚያ እየዞርኩ ማየት ጀመርሁ። በዚህ በኩል የወንዶች በር፣ በዚያ በኩል የሴቶች እያልሁ አንድ በአንድ መደብሁ። ግን ዓይኔ የሚያርፍበት አጣሁ። ወለሉ ጠቁሯል፤ መሐሉ ጉድጓድ ነው። የመቅደሱ ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ልለይ ብል አልቻልኩም። ደግሞ ዞርኩ።

ጠባቂው ሬዲዮአቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"ምንም አልጠፋኝ።"

"ግመል የጠፋበት ሰው ነው እንዲህ የሚዞር።"

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ብጠይቃቸው በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ጥያቄ ጥያቄን ያመጣል፤ ለምን አትገቢም ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ፀሐዩ በረታ፣ ወገቤን ቆረጠኝ። ጥላ ፈለግሁ። ከክቡ በጣም ርቄ፣ ረዘም ያለ ቤት ውስጥ በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ከሌላው ከፍ ብሎ ቆሟል። ግድግዳው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይጎብጣል፤ ከሥሩ እንደ መደብ የተሠሩ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ ጥላ ነው። ኡስታዛ መነኮሳት አንድ ላይ የሚበሉበት ረዥም አዳራሽ እንደነበራቸው ነግራናለች። ይኸው አዳራሹ አልኩ። ጫማዬን አድርጌ ገባሁና የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። ከቦርሳዬ ዳቦና ጅብና የሚሉትን የሱዳን አይብ አወጣሁ።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ቅዝቃዜው በቀሚሴ አልፎ ወገቤ ድረስ ወጣ። ሕመሙ መጀመሪያ ራቀ፣ ከዚያ የለም። ዳቦዬን በላሁ። እግሬ ዝም አለ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ከስፌት መኪናው እንኳ በየትንሹ እየተነሳሁ ጓዳ ደርሼ እመለሳለሁ። እዚያ ግን ተቀመጥሁ። በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረስሁ። አንድ ቃል አልዘለልሁም።

ኡስታዛ ሴቶቹን አስከትላ በዚያ ሰዓት መጣች። ሐጃ ከኋላ ናቸው፤ እጃቸው ላይ የእንቁላል ቅርፊት አለ።

"ተማሪያችን ጥሩ ቦታ ይዛለች" አለች ኡስታዛ። "አሁን የቆማችሁበት ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ምእመኑ እዚያ ነው የሚቆመው። ይህኛው፣ እሷ ያለችበት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት ነው። መሠዊያው እዚህ ፊት ለፊቷ ነበር። ደረጃው የካህናቱ መቀመጫ ነው፤ ከላይኛው ላይ ትልቁ ይቀመጣል።"

"በይ ባርኪን" አለች አንዷ።

"የዳቦዋን ፍርፋሪ እንኳ ሳታራግፍ ጳጳስ ሆነች" አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ። ሐጃም ሳቁ።

"ያ ክቡስ?" አልኩ።

"የቱ ክብ?"

"ዳር ያለው፣ የጡቡ።"

"እሱማ የሸክላ ዕቃ መተኮሻ ምድጃ ነው።"

ያኔ ነው የተነሣሁት። ያኔ ነው ዞር ብዬ ያላየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በደንብ አላስታውስም። አውቶቡሱ መጸዳጃ ያለበት ቦታ ሲቆም ገብቼ ልብሴን አየሁ፤ ቀሚሴ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ አይለይም፤ እርጥብ ነበር፤ መቼ እንደረጠበ ግን ልብስ አይናገርም። ድንጋዩ ይናገር ነበር። ሹፌሩን መልሰኝ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ምን ረሳሽ ቢለኝ ብዬ ዘጋሁት። ሐጃ አጠገቤ ናቸው።

"ጳጳስ ካሉሽ ጀምሮ ፊትሽ ጠቆረ። ለቀልድ ነው እኮ።"

"ደክሞኝ ነው።"

"ምድጃ ስትሳለሚ ስለዋልሽ ነዋ።" አይተውኝ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዩኝ ቁጥር ይህን ያነሱብኛል፤ የዳቦ ምድጃ አጠገብ ካለፍን፣ "በይ ጫማሽን አውልቂ" ይሉኛል።

እኔን የሚቆጨኝ ጥላው ነው። የረፋድ ጥላ የሚጥል ግድግዳ በምሥራቅ በኩል ያለ ግድግዳ ነው፤ መቅደስ ወደ ምሥራቅ እንደሚሆን ደግሞ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ፊደል ሳልጨርስ የተማርሁት ነው። አንድ ቃል ተሳስቷል ብዬ መጽሐፍ የምመልስ ሴት ጥላ ማንበብ አቃተኝ። ክብ ስፈልግ።

ከተመለስን በኋላ መጽሐፍ ፍለጋ ጀመርሁ። ስለዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው አይደለም የሚል ግን አላገኘሁም። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ግቢው ውስጥ ጠብቄ እንደ ተራ ነገር ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የፈረሰ፣ ማንም የማይጸልይበት፣ እንዲያው መሬት ነው?"

"ሜሮን የፈሰሰበት መሬት ይረሳል ብለሽ ነው? አይረሳም።" ከዚያ አየት አደረጉኝ። "አንች ደግሞ ሰው የማይጠይቀውን ትጠይቂያለሽ። ከየት አመጣሽው?"

"ከመጽሐፍ።"

ያን ሳምንት ኒም ዛፉ ሥር እንኳ መቆም ከበደኝ። ከግቢው በር ውጭ፣ ከለማኞቹ አጠገብ ቆምሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከካርቱም የወጣው ሰው ገዳሪፍን ሞላት። ትምህርት ቤታችን ተፈናቃይ ሰፈረበት፤ ሰሌዳው ላይ ልብስ ይሰጣ ጀመር። ኡስታዛ ወደ ከሰላ፣ ዘመዶቿ ጋ ሄደች። ሰሜን ያለው መንገድ ሲዘጋ እኔ የማስበው ያን ድንጋይ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ሲመጣ ስለ አንድ ድንጋይ ማሰብ ያሳፍራል፤ ግን አስብ ነበር። ነፋሱ ምናልባት አሸዋ አልብሶት ይሆናል። ወይም ጠባቂው በማግሥቱ አይተው በውኃ አጥበውት፣ ስለ እኔ ምን ብለው ይሆናል። ወይም ምንም አልነበረም። እንዲህ እያልሁ ቀኑ ያልቃል።

ለሐጃ የነገርኋቸው በዝናቡ ወራት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መብራት ጠፍቷል፤ ገበያው ጭቃ ስለሆነ ገዥ የለም። እኔ በረንዳው ላይ የእጅ መርፌዬ ውስጥ ክር ለማስገባት እታገላለሁ፤ ቀዳዳው ሁለት እየሆነ ያስቸግረኛል። ሐጃ በሩ ጋ ተቀምጠው ቁርአናቸውን ጣታቸውን እያስኬዱ ያነባሉ። ያን ጊዜ ማንበብ ለምደዋል፤ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል።

"እስቲ ስጭኝ ላስገባልሽ" አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ።

"ሐጃ፣ ሰሜን የሄድን ጊዜ..."

"ምድጃ የተሳለምሽ ጊዜ።"

"እሱን ቀን። ንጹሕ አልነበርሁም።"

ጣታቸው ከገጹ ላይ አልተነሳም። "እና?"

"እና መቅደሱ ውስጥ ተቀመጥሁ። ድንጋዩ ላይ ፈሶ ይሆናል። ስነሳ አላየሁትም።"

"ልማድሽ መንገድ ላይ መጥቶብሽ ነው? አይ አንች። መንገድ የወጣች ሴት ሁሉ ያጋጥማታል። ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል ጊዜ..."

"መጥቶብኝ አይደለም። ሄዶ አያውቅም።"

ጣታቸው ተነሳ። መጽሐፉን ዘግተው በጨርቁ ጠቀለሉና መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፤ ሳይቸኩሉ። ከዚያ በርጩማቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሪህላ ከመሄዳችን ዓመት በፊት።"

"ያ ረቢ።" ከመኪናው ሥር ያለውን ቁራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበትን ጆንያ አዩት። "እኔ እኮ ቁራጭ ጨርቁን ትለቃቅሚያለሽ፣ ትለቃቅሚያለሽ፣ ለልጄ ሠርግ ብርድ ልብስ ልትሰፊላት መስሎኝ፣ አይቼ እንዳላየ ዝም አልኩሽ። ወላሂ ለዘመዶቼ ተናግሬያለሁ።"

ሳቅሁ። ሳቁ ራሱ ወገቤን አመመኝ።

"ስሚኝ" አሉ። "በእኛ ሃይማኖት ልማድ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ልማድ አይባልም፤ ሕመም ነው፤ ሌላ ስም አለው። እንዲህ የሆነች ሴት ከሶላት አትከለከልም። ትታጠባለች፣ ትሰግዳለች፣ ሐኪም ትፈልጋለች። ይህን ሴት ሁሉ ያውቃል።"

"በእኛ ግን..."

"በእናንተ የሆነውን ቄስሽ ይንገሩሽ። ጠይቀሻቸዋል?"

"ስለ ድንጋዩ ጠይቄአቸዋለሁ።"

"ስለ ድንጋዩ" አሉ። ፊታቸውን ሳይ ምን ያህል ራቅ ካለ ቦታ ስጠይቅ እንደኖርሁ ገባኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። እሱ እየጮኸ ሳለ ተናገርሁ፤ ሳይሰሙኝ ቢቀሩም ግድ የለኝም ብዬ ነው መሰለኝ።

"እናቴ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው።"

ሰምተውኛል።

"ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር?"

"አልሄደችም።"

"ለማን ነግራ ነበር?"

"ለማንም።"

"አንች ነገርሽ እንግዲህ" አሉና ተነሱ። ቶባቸውን ራሳቸው ላይ አጥብቀው ጠቀለሉ። "ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ሴት ሐኪም አለች፤ ከኛው ሱቅ ነው ቶብ የገዛችው፤ አንች የዘመዘምሽው። ይኸኔ ቤቷ ትሆናለች።"

"ዝናብ ነው እኮ።"

"ረክሻ ጣሪያ አለው።"

"ድንጋዩስ ሐጃ?"

"ድንጋዩን ዝናብ ያጥበዋል።"

"እዚያ ዝናብ የለም።"

"ኧረ በነቢ፣ ይችን ሴት ምን ላድርጋት? ነፋስ ይጠርገዋላ። ያንችን ሕመም እኮ ነው የምንጠርገው አሁን።"

ወደ መንገዱ ወጥተው አንድ ባለ ሦስት እግር ረክሻ በእጃቸው አስቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። የስፌት መኪናውን ሸፈንሁ። መርፌው ክር አልገባለትም ነበር። የመኪናውን ጠርዝ ይዤ ተነሳሁና፣ ከመራመዴ በፊት፣ ዞር ብዬ የተቀመጥሁበትን ወንበር አየሁት።

ሐጃም ከመንገዱ ሆነው አዩት። ከጆንያው ውስጥ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አወጣሁ፣ ጠረግሁት፣ ጨርቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት፤ ሐኪሟ ልታየው ትፈልግ ይሆናል ብዬ። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ወረድሁ።